የኤሌክትሪክ አውቶቡስን በደኅንነት መንዳትና መንከባከብ፦ ከጠዋት ፍተሻ እስከ ብልሽት ጊዜ እርምጃ

ለዓመታት የናፍጣ አውቶቡስ የነዳ ሰው ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ይበልጥ የሚያስቸግረው የቆየ ልማዱ ነው። ሞተሩ ካልጮኸ አልተነሳም ብሎ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፤ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ቁልቁለቱን በሞተር ፍሬን እይዛለሁ ይላል፤ ሲያጥብም የናፍጣ ሞተር በለመደው ግፊት ጣሪያው ላይ ውኃ ይለቃል። ይህ መመሪያ ለአሽከርካሪዎች፣ ለዴፖ ሠራተኞችና ለጋራዥ ኃላፊዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥራው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራና አንዱ እርምጃ እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ ያሳያል። የተሰጡት ቁጥሮች በአብዛኞቹ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ናቸው። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ቁጥር ከሰጠ ግን የአምራቹን ይከተሉ።

ከሁሉ በፊት፦ ማን ምን ይነካል

አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው ባለ 24 ቮልት ሲሆን መብራቱን፣ የበሩን መቆጣጠሪያ፣ ዳሽቦርዱንና ኮምፒውተሮቹን ያሠራል። ሁለተኛው እንደ አውቶቡሱ ዓይነት ከ400 እስከ 800 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ጅረት የሚሄድበት ነው፤ ዋናውን ሞተር፣ የአየር ኮምፕሬሰሩን፣ የመሪ ፓምፑን፣ ማቀዝቀዣውንና ማሞቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ይኸኛው ነው። ቀጥተኛ ጅረት ከ60 ቮልት ካለፈ ለሕይወት እንደሚያሰጋ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ የዚህ መስመር ኬብሎች ብርቱካናማ ሽፋን ይለብሳሉ፣ የተያያዙባቸው ሳጥኖችም ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይለጠፍባቸዋል።

ሕጉ አጭር ነው። በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ያልሠለጠነና ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው ብርቱካናማ ኬብል አይነካም፣ የመብረቅ ምልክት ያለበትን ክዳን አይከፍትም። አሽከርካሪው፣ ረዳቱ፣ አጣቢውና የናፍጣ ሞተር በመጠገን ረጅም ልምድ ያለው መካኒክ ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። የመጨረሻው ሰው በተለይ ይታሰብበት፤ የመድፈር ፈተና የሚበዛው በእጁ በሚተማመነው ላይ ነው።

የተመደቡበትን አውቶቡስ ከመንዳትዎ በፊት የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ቦታቸው ድረስ ሄደው ይመልከቱ፤ ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ማግኘት እስኪችሉም ይለማመዱ።

1. ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚቆርጠው ቀዩ የድንገተኛ ማጥፊያ። አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ ይገኛል።
2. የባለ 24 ቮልቱ ዋና ማብሪያና ማጥፊያ። ከውጭ በሚከፈት የጎን ክዳን ሥር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።
3. የቻርጅ መሰኪያው ተቆልፎ ሲቀር በእጅ የሚፈታበት ገመድ ወይም ማንሻ።

## ደረጃ 1፦ የጠዋት ፍተሻ

ፍተሻውን አውቶቡሱ ገና ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ይጀምሩ።

1. ማቀዝቀዣውን ወይም ማሞቂያውን ያብሩ። የተሳፋሪውን ክፍል አየር ለማስተካከል መጀመሪያ ላይ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ከመነሳትዎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመው ካበሩት ያ ኃይል ከቻርጀሩ ይመጣል፤ ከተነሱ በኋላ ካበሩት ግን ከመንገድዎ ላይ ይቀነሳል።
2. ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይመልከቱ። ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ጥርት ያለ ውኃ ችግር የለውም። ቀለም ያለውና የሚያዳልጥ ፈሳሽ ከሆነ ኩላንት፣ ማለትም የባትሪውንና የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ፈሳሽ ነው። ኩላንቱ ከባትሪው ወይም ከኢንቨርተሩ (የባትሪውን ቀጥተኛ ጅረት ለሞተሩ ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ከሚቀይረው ሳጥን) አካባቢ የሚወርድ ከሆነ አውቶቡሱን አያንቀሳቅሱ፤ ጋራዥ ይጥሩ።
3. የሚታዩትን ብርቱካናማ ኬብሎች በዓይንዎ ይከተሉ። ከመያዣው ወጥቶ የተንጠለጠለ፣ የተላጠ ወይም ድንጋይ የመታው ኬብል ካዩ በፕላስተር ለመጠቅለል አይሞክሩ። ሪፖርት ያድርጉ፤ አውቶቡሱም ይቁም።
4. ጎማዎቹን ይመርምሩ። ባትሪው ብቻውን 2 ቶንና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል። በዚህ የተነሳ የኋላ ጎማዎች ከናፍጣ አውቶቡስ ቶሎ ያልቃሉ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማም የሚጓዙትን ርቀት ያሳጥራል። የቸርኬ ዳዶዎች ዙሪያ የዝገት ጭረት ከታየ ዳዶው ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠበቅ አይውጡ።
5. መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ በር፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጊዜ መውጫ እንደ ማንኛውም አውቶቡስ ይታያሉ።

ርቀቱን ራስዎ ያስሉ

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ኪሎ ሜትር ያለፈውን አነዳድ መሠረት አድርጎ የተገመተ ነው። ትናንት ሜዳ ላይ በቀዝቃዛ ሰዓት የተነዳ አውቶቡስ ዛሬ ሙሉ ጭኖ ዳገት ሊወጣ ቢሆን ያንን ቁጥር ማመን አያዋጣም። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ባትሪው 300 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ቢሆን፣ ጠዋት 90 በመቶ ቢያሳይና 20 በመቶውን መጠባበቂያ ቢያደርጉ፣ የሚጠቀሙበት 70 በመቶው ማለትም 210 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ በአንድ ኪሎ ሜትር 1.3 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ 161 ኪ.ሜ. ያህል ይሄዳል። በከባድ ብርድ ማሞቂያው ፍጆታውን ወደ 1.8 ከፍ ካደረገው ግን 116 ኪ.ሜ. ላይ ያበቃል። የመስመርዎን እውነተኛ ፍጆታ ለማወቅ ለጥቂት ሳምንታት ሲወጡና ሲመለሱ ያለውን የባትሪ መጠን ከተጓዙት ኪሎ ሜትር ጋር ይመዝግቡ፤ የእርስዎ መዝገብ ከማንኛውም የማስታወቂያ ቁጥር ይበልጥ ይታመናል።

ስሌቱ ለምድብዎ ካልበቃ ከመውጣትዎ በፊት ለተቆጣጣሪው ይንገሩ። መንገድ ላይ የባትሪው መጠን ከ20 በመቶ ሲወርድ ደግሞ አዲስ ዙር አይጀምሩ።

## ደረጃ 2፦ ከቻርጀር ነቅሎ ማስነሳት

1. ቻርጁን መጀመሪያ ከቻርጀሩ ስክሪን ላይ ያቁሙ። ጅረት እየሄደ መሰኪያውን ለመንቀል መታገል የመሰኪያውንም የሶኬቱንም ፒን ይጎዳል።
2. መቆለፊያው ሲለቀቅ የሚሰማውን ድምፅ ይጠብቁ፤ ከዚያ መሰኪያውን ሳያወዛውዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ።
3. የሶኬቱን ክዳን ይዝጉ። ኬብሉን መስቀያው ላይ ይመልሱ፤ መሬት ላይ የተተወ ኬብል ላይ 15 ቶን የሚጠጋ መኪና ይወጣበታል።
4. መቀመጫዎ ላይ ተቀምጠው ቀበቶ ይሰሩ፤ የእጅ ፍሬኑ መያዙን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።
5. ቁልፉን ይክፈቱና የዳሽቦርዱ መብራቶች በርተው እስኪጠፉ ይታገሡ። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸውን የሚፈትሹት በዚህ ጊዜ ነው።
6. እግርዎን የእግር ፍሬኑ ላይ አድርገው ያስነሱ፤ “ሬዲ” የሚለው ምልክት እስኪበራ ይጠብቁ። የሚሰማ የሞተር ድምፅ አይኖርም።
7. የአየር ግፊቱ ጌጅ ከቀዩ መስመር ወጥቶ ማስጠንቀቂያው እስኪጠፋ አይነሱ። ፍሬኑ የሚሠራው በአየር ነው፤ ኮምፕሬሰሩም ታንኩን ለመሙላት ደቂቃዎች ይፈልጋል።
8. ማርሹን ወደ “ዲ” ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ከዴፖው ሳይወጡ በዝቅተኛ ፍጥነት የእግር ፍሬኑን አንድ ጊዜ ይሞክሩ።

> ማስጠንቀቂያ፦ “ሬዲ” በርቶ ሳለ አውቶቡሱ ምንም ድምፅ ባይኖረውም የፍጥነት ፔዳሉ ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ለአፍታም ቢሆን ከመቀመጫዎ ሲነሱ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ቁልፉን ይዝጉ።

“ሬዲ” እምቢ ካለ ቁልፉን ደጋግመው አያዙሩ። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦ የቻርጅ መሰኪያው ተነቅሏል ወይ? የሶኬቱ ክዳን ተዘግቷል ወይ? የድንገተኛ ማጥፊያው ተጭኖ አልቀረም ወይ? በሮቹና የኋላ ክዳኖቹ ተገጥመዋል ወይ? ማርሹ ዜሮ ላይ ነው ወይ? ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የባለ 24 ቮልቱን ጌጅ ይመልከቱ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ባትሪ ከደከመ አውቶቡሱ አይነሳም፤ ትልቁን ባትሪ ከመስመሩ ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች (ኮንታክተሮች) የሚያገጥመው የትንሹ ኃይል ስለሆነ ነው። ከዚህ በኋላ ቁልፉን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። አሁንም ካልተነሳ በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የስሕተት ቁጥር በስልክዎ ፎቶ አንስተው ጋራዥ ይጥሩ።

## ደረጃ 3፦ መንገድ ላይ

አነሳስ። ፔዳሉን እንደ እንቁላል ይርገጡት። በናፍጣ አውቶቡስ ላይ እግር ሲጫን ጉልበቱ እስኪመጣ የነበረው መዘግየት እዚህ የለም፤ የቆመ ተሳፋሪ ወደ ኋላ የሚወድቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

አቋቋም። እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ አውቶቡሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከፊት ያለውን ርቀው እያዩ ቀድመው እግርዎን ቢያነሱ ኃይልም ይቆጥባሉ፣ የፍሬን ሸራም ያተርፋሉ። ይሁን እንጂ ይህ የሞተር ፍሬን ሁልጊዜ እኩል አይሠራም፤ በሦስት ሁኔታዎች ይደክማል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

- ባትሪው ሙሉ ሲሆን፤ የሚመነጨው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም።
- ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝ፤ መቆጣጠሪያው ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል ይቀንሳል።
- መንገዱ ሲያንሸራትትና የጎማ መቆለፍን የሚከላከለው ሥርዓት ሥራ ሲጀምር፤ የሞተር ፍሬኑ በድንገት ሊለቅ ይችላል።

ስለዚህ መስመርዎ ከዴፖ ወጥቶ ወዲያው ረጅም ቁልቁለት የሚገባ ከሆነ ባትሪውን እስከ 90 በመቶ ብቻ ሞልተው ይውጡ። ቁልቁለት ላይ ሆነው የሞተር ፍሬኑ እየደከመ መሆኑ ከተሰማዎት ፍጥነቱን በእግር ፍሬን ወዲያውኑ ዝቅ ያድርጉና በዝግታ ይውረዱ። ፍጥነት ከጨመረ በኋላ በእግር ፍሬን ብቻ ለመያዝ መሞከር ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋል። በሚያንሸራትት መንገድ የሞተር ፍሬኑን ደረጃ መቀነሻ ካለ ዝቅ ያድርጉት።

እግረኛ። ብዙ አውቶቡሶች እስከ 20 ኪ.ሜ. በሰዓት ድረስ የሚሰማ ሰው ሠራሽ ድምፅ አላቸው። ያም ሆኖ ፌርማታና መናኸሪያ ውስጥ ጀርባውን የሰጠ ሰው አልሰማኝም ብለው ያስቡ። ወደ ኋላ ሲሄዱ ረዳት ወይም ጠቋሚ ይኑር።

ጣሪያና ክብደት። ባትሪዎቹ ጣሪያ ላይ ከሆኑ አውቶቡሱ ከለመዱት ከፍ ይላል፤ መታጠፊያ ላይም ይበልጥ ያዘነብላል። ቁመቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ ያንብቡ፣ ከድልድይ ሥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ ይጠንቀቁ፣ ወደ መታጠፊያው ከመግባትዎ በፊት ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

ጎርፍ። ባትሪው ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ መታሸጉ አውቶቡሱን ጀልባ አያደርገውም። አምራቹ ከፈቀደው ጥልቀት ያለፈ ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ጥልቀቱን ካላወቁት ደግሞ እንዳለፈ ይቁጠሩት። ሳይታሰብ ከሥር ያለው ክፍል ውኃ ከነካው ተሳፋሪ አውርደው ሪፖርት ያድርጉ፤ ሳይመረመርም ቻርጅ አያድርጉት።

የኤሊ ምልክት ሲበራ ኃይል ተገድቧል ማለት ነው፤ ባትሪው አልቋል፣ ወይም ከመጠን በላይ ሞቋል። ማቀዝቀዣውን ወይም ማሞቂያውን ያጥፉ፣ በዝግታ ወደ ዳር ወይም ወደ ቅርብ ፌርማታ ይውጡ፣ ተሳፋሪ ያውርዱ።

## ደረጃ 4፦ ማቆምና ቻርጅ ማድረግ

1. አውቶቡሱን ኬብሉ ሳይወጠር በሚደርስበት ቦታ ያቁሙ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ቁልፉን ዘግተው ይንቀሉ።
2. የሶኬቱን ክዳን ከፍተው ፒኖቹን በእጅ ባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ጤነኛ ፒን ከሥር እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት ብርማ ቀለም አለው። ጫፉ ጠቁሮ ወይም ቡናማ ሆኖ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ለስልሶ ካበጠ እዚያ ቦታ ግንኙነቱ ላልቶ ግሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሶኬት ላይ የሚሰካ መሰኪያ ራሱም ይቃጠላል፤ ከዚያም ጉዳቱን ወደ ሌላ አውቶቡስ ይወስዳል። ሁለቱንም ከሥራ ያስወጡ።
3. ኬብሉን በሙሉ ርዝመቱ ይዩ፤ የተሰነጠቀ ወይም መኪና የወጣበት ከሆነ አይጠቀሙበት።
4. መሰኪያውን ቀጥ አድርገው እስኪቆለፍ ይግፉት፤ ከዚያ ቻርጁን ያስጀምሩ።
5. አይሂዱ። ኪሎዋቱ ከፍ ብሎ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይቁሙ። ማታ ተሰክቶ ጠዋት ባዶ የሚገኝ አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ሰክቶ ወዲያው የሄደበት ነው።

ጊዜውን አስቀድመው ያስቡ። ከላይ ያየነውን ባለ 300 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ20 ወደ 90 በመቶ ለማድረስ 210 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ60 ኪሎዋት ቻርጀር 3 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀንስና ቻርጅ ሲደረግ የሚባክን ኃይል ስላለ 4 ሰዓት ይያዙ።

ስንት በመቶ ድረስ ይሞላ? ለዕለት ሥራ ከ20 እስከ 90 በመቶ ባለው ውስጥ መቆየት ለባትሪው ዕድሜ ይበጃል። ባትሪው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ዓይነት ከሆነ ግን አምራቹ በወሰነው ጊዜ እየጠበቁ 100 በመቶ ድረስ ቀስ ብለው ይሙሉት። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ቮልቴጅ በመካከለኛው ክልል ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒውተሩ ቀሪውን መጠን እየሳተ ይሄዳል፤ ሙሉ ቻርጅ ያስተካክለዋል። 25 በመቶ እያሳየ መንገድ ላይ ድንገት የሚቆም አውቶቡስ ካለዎት መጀመሪያ ይህ ተረስቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ፈጣን ቻርጀርን ለቸኮሉበት ጊዜ ያቆዩት፤ ሌሊቱን በዝግታ መሙላት ባትሪውን አያግለውም።

ቻርጁ ካልጀመረ ወይም ከተቋረጠ

- መሰኪያውን አውጥተው ፒኖቹን አይተው በድጋሚ ይስኩ።
- የቻርጀሩ ቀይ ማጥፊያ ተጭኖ እንደሆነ ይመልከቱ። ማን፣ ለምን እንደተጫነው ሳያውቁ ግን አይልቀቁት።
- ሌላ ቻርጀር ላይ ይሞክሩ። እዚያ ከሠራ ችግሩ የቻርጀሩ ነው፤ እዚያም እምቢ ካለ የአውቶቡሱ ነው።
- “ኢንሱሌሽን” (ኃይል ከመስመሩ እንዳያመልጥ የሚከላከለው ሽፋን) የሚል ስሕተት ከታየ ሙከራውን ያቁሙ። ኃይሉ ወደ ቦዲው የሚያልፍበት መንገድ አግኝቶ ሊሆን ስለሚችል አውቶቡሱን ነጥለው ባለሙያ ይጥሩ።

መሰኪያው አልነቀል ካለ ቻርጁ መቆሙን ያረጋግጡ፣ አውቶቡሱን ከፍተው በድጋሚ ይቆልፉ፣ መሰኪያውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፍተው ይሞክሩ። ካልሆነ በእጅ መፍቻውን ይጠቀሙ። በብረት ፈልቅቆ ማውጣት ክልክል ነው።

ቻርጀሩና ሶኬቱ ለዝናብ የተሠሩ ቢሆኑም ውኃ የቆመበት ሶኬት ውስጥ አይሰኩ፤ በደረቅ አየር እስኪደርቅ ይጠብቁ። በቻርጅ ላይ ያለ አውቶቡስ በፍጹም አይታጠብ።

## ደረጃ 5፦ እጥበትና መደበኛ እንክብካቤ

ከማጠብዎ በፊት አውቶቡሱን ያጥፉ፣ የቻርጅ ሶኬቱን ክዳንና መስኮቶቹን ይዝጉ። የግፊት ውኃውን በጎንና በጎማ ላይ ብቻ ይጠቀሙ። ጣሪያውን፣ የኋላውን የሞተር ክፍልና ብርቱካናማ ኬብሎች የሚገቡባቸውን ማያያዣዎች በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ በግፊት የተረጨ ውኃ ማሸጊያውን አልፎ ከገባ በማግሥቱ የኢንሱሌሽን ስሕተት ሆኖ ይመጣል።

የሞተር ዘይትና የነዳጅ ፊልተር ቀርተዋል፤ እንክብካቤ ግን አልቀረም። በተለይ እነዚህን አይርሱ።

- የባለ 24 ቮልት ባትሪ። እንደ እኔ ግምት በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ከሁሉ የሚናቀው፣ ከሁሉ በላይም ሥራ የሚያስፈታው ይኸው ነው። ተርሚናሎቹን ያጽዱ፣ ያጥብቁ፤ ቮልቴጁን በየጊዜው ይለኩ። አውቶቡሱን ሌላ መኪና ለማስነሻ ኃይል ሰጪ አያድርጉት።
- ኩላንት። የባትሪው፣ የሞተሩና የማሞቂያው መስመሮች የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚፈልጉት ፈሳሽም እንዲሁ። አምራቹ ካዘዘው ውጭ ሌላ አይቀላቅሉ፣ የቧንቧ ውኃም አይጨምሩ። ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ እየሞሉ ከመቀጠል ፍሳሹን ያስፈልጉ።
- ራዲያተሮችና ፋኖች። አቧራ የሸፈነው ራዲያተር ባትሪውን ያሞቃል፤ የሞቀ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ በዝግታ ይቀበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።
- ፍሬን። የሞተር ፍሬኑ ብዙውን ሥራ ስለሚሠራ ሸራው ሳያልቅ ዲስኩ ሊዝግ፣ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹም ሊደርቁ ይችላሉ። ሸራው ወፍራም ነው ብለው ምርመራውን አይዝለሉ።
- የአየር ታንክ። ውኃውን በየጊዜው ያፍስሱ፤ ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ኮምፕሬሰሩን ያስመርምሩ።
- የቸርኬ ዳዶ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪ.ሜ. ሲሄድ በልክ ቁልፍ እንደገና ይጠበቅ።
- የኤክስልና የማርሽ ዘይት እንደበፊቱ በጊዜው ይቀየራል።

## ደረጃ 6፦ ከፍተኛ ቮልቴጁን መቁረጥ (ለሠለጠኑ ባለሙያዎች ብቻ)

1. ቦታውን በገመድ ይከልሉ፤ ብቻዎን አይሥሩ። ቀለበት፣ ሰዓትና ሐብል ያውልቁ። አጠገብዎ የሚቆመው ሰው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መጎተቻ ዘንግ ይያዝ።
2. ለ1000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት፣ ማለትም ክላስ 0፣ ያዘጋጁ። የፍተሻ ማኅተሙ 6 ወር ያለፈው ከሆነ አይጠቀሙበት። ከመልበስዎ በፊት አፉን ወደ ጣቶቹ ጠቅልለው አየሩን ውስጡ ያጥምዱ፤ ተነፍቶ ሲቆም ወደ ጉንጭዎ አስጠግተው ያዳምጡ። ትንሽም አየር ከወጣ ይጣል። ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደርቡ።
3. ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ቁልፉን ዘግተው በኪስዎ ይያዙ ወይም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት፤ ከዚያ አምራቹ ያዘዘውን ጊዜ ጠብቀው ባለ 24 ቮልቱን ያጥፉ።
4. ባትሪውን ከመስመሩ የሚነጥለውን የጥገና መሰኪያ ይንቀሉ። ቦታውን በጓጉንቸር ቆልፈው “ሰው እየሠራ ነው፣ አታብሩ” የሚል ጽሑፍ ይስቀሉ።
5. ይጠብቁ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ባትሪው ከተነጠለ በኋላም ኃይል ይይዛሉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው።
6. ለዚህ ቮልቴጅ በሚሆን መልቲሜትር ይለኩ። መልቲሜትሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ምንጭ ላይ ይሞክሩ፤ ከዚያ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ከቦዲው ጋር ይለኩ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ታወቀው ምንጭ መልሰው ይሞክሩት። ይህን የመጨረሻ ሙከራ የሚዘል ሰው ዜሮ ያየው መስመሩ ስለሞተ ይሁን መልቲሜትሩ ስለተበላሸ አያውቅም።

> ማስጠንቀቂያ፦ የትኛውም ማጥፊያ ባትሪው ውስጥ ያለውን ኃይል አያጠፋም። የባትሪ ሣጥን መክፈት የአምራቹ ወይም እርሱ የፈቀደለት ባለሙያ ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ሲሠሩ ደግሞ የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ ይታጠቁ።

የኢንሱሌሽን ልኬት ሲያደርጉ ለቀጥተኛ ጅረት መስመር ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ቮልት 100 ኦም ነው፤ ለ600 ቮልት መስመር 60,000 ኦም ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አውቶቡሱ አይወጣም።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በባዶ እጅ አይንኩት። ኃይሉን ይቁረጡ፤ ካልተቻለ በዘንጉ ያላቅቁት። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን እየተጫኑ እርዳታ ይጥሩ። ተነስቶ “ደኅና ነኝ” ቢልም ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የልብ ምት መዛባት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

## ደረጃ 7፦ ጭስ፣ ግጭትና እሳት

ከባትሪው አካባቢ የፉጨት ወይም የመፈንዳት ድምፅ፣ ነጭ ጭስ፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ሽታ ወይም የባትሪ ሙቀት ማስጠንቀቂያ ካለ፦

1. አውቶቡሱን ከሕንፃና ከሌሎች መኪኖች ራቅ ባለ ቦታ ያቁሙ፤ ለመራቅ ብለው ግን ረጅም አይንዱ።
2. የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ በሮቹን ይክፈቱ፣ ተሳፋሪውን ነፋሱ ከሚነሳበት ወገን፣ ማለትም ጭሱ ወደማይሄድበት አቅጣጫ ያስወጡ። ጭሱ መርዛማ የሆነ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል።
3. የድንገተኛ ማጥፊያውን ይጫኑ። በሮቹ ከዚህ በኋላ በቁልፍ ላይከፈቱ ስለሚችሉ ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ።
4. ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደውሉ “የሊቲየም ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው” ብለው ይንገሩ፤ ባትሪው ጣሪያ ላይ ይሁን ወለል ሥር ጨምረው ይግለጹ።
5. የእጅ ማጥፊያውን ለመቀመጫ፣ ለሽቦ ወይም ለጎማ ጅምር እሳት ብቻ ይጠቀሙ። የባትሪ እሳት የሚበርደው በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሥራው የእርስዎ አይደለም።

የጠፋ የባትሪ እሳት ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ሊነሳ ይችላል። የተቃጠለ፣ በኃይል የተጋጨ ወይም ጎርፍ የዋጠው አውቶቡስ ከሕንፃና ከሌላ ተሽከርካሪ ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ ገላጣ ቦታ ይቁም፣ በየጊዜውም ይታይ። ጣሪያ ካለው ጋራዥ ውስጥ አያስገቡት።

## ጉተታና ለረጅም ጊዜ ማቆም

የሚነዳው ጎማ መሬት እየነካ አይጎትቱ። ጎማው ሲሽከረከር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል፣ የሚሠራውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። የሚነዳውን ኤክስል ከመሬት ያንሱ፣ ወይም ካርዳኑን ወይም የጎን ዘንጎቹን በባለሙያ ያስፈቱ። አየር ከሌለ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፤ ከጎታቹ መኪና አየር ያስገቡ፣ ከመልቀቅዎ በፊትም ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ።

አውቶቡሱ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መጠን ይተዉት፤ ሙሉም ባዶም ሆኖ መቆየት ይጎዳዋል። ጥላና ደረቅ ቦታ ያቁሙት፣ ባለ 24 ቮልቱን ያጥፉ፣ በየወሩ የሁለቱንም ባትሪ መጠን ይመልከቱ። ወደ ሥራ ሲመልሱት የጎማ ንፋስ ይሙሉ፣ ሽቦ የሚበሉ አይጦች ገብተው እንደሆነ ይፈትሹ፣ የደረጃ 1ን ፍተሻ በሙሉ ያድርጉ፤ ከዚያም ተሳፋሪ ሳይጭኑ ዴፖው ውስጥ በዝቅተኛ ፍጥነት የእግር ፍሬኑን ደጋግመው በመያዝ ዲስኩ ላይ የተጠራቀመውን ዝገት ያስለቅቁ። ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ወይም መንጫጫቱ ካልቆመ ወደ ጋራዥ ይመልሱት።